የወላይታ ድንች

የወላይታ ድንች በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚለማ ጥንታዊ የሥራሥር ሰብል ነው። የሚፈለገው ከአፈር ሥር ለሚያፈራው ቀጭንና ሞላላ ኮረት ነው። ድንች ይባል እንጂ ከደቡብ አሜሪካ ከመጣው ድንች ጋር ዝምድና የለውም። የሚመደበው ከናና፣ ከበሶብላ፣ ከጦስኝና ከዳማ ከሴ ቤተሰብ ነው። በወላይታ ዞን፣ በጋሞ ደጋ፣ በምዕራብ ኦሮሚያና በአገው ምድር ለረጅም ዘመን ሲለማ ኖሯል። ዛሬ በብዙ ቦታ ከማሳ ወጥቶ ወደ ጓሮ ጥግ ገብቷል፤ ከጓሮም የጠፋበት ሰፈር አለ።

አደጋ ላይ ነው ሲባል ግን ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የቅርብ ዘመዶቹ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች በዱር ይበቅላሉ። እየተመናመኑ ያሉት ገበሬዎች በየስማቸው እየጠሩ ሲተክሏቸው የኖሩት የአካባቢ ዝርያዎች ናቸው። እነዚህ በሰው እጅ ካልተተከሉ ራሳቸውን ችለው አይዘልቁም።

ስምና ምደባ

ሰብሉ በአማርኛ የወላይታ ድንች፣ የጋሞ ድንች፣ የኦሮሞ ድንች ወይም የአገው ድንች እየተባለ እንደየቦታው ይጠራል። በወላይትኛ ዶኑዋ ይባላል፤ ከሌላው ድንች ለመለየት ሲፈለግ ወላይታ የሚለው ይጨመርበታል።

በሳይንሳዊ ምደባ ስሙ በተደጋጋሚ ተለውጧል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ቫትከ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ኮሊየስ ኤዱሊስ ብሎ ሰየመው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የዕፅዋት ተመራማሪው አግኒው ወደ ሌላ ወገን አዛውሮ ፕሌክትራንተስ ኤዱሊስ አለው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ጥናት የተጻፈው በዚህ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አለን ፓተንና ባልደረቦቹ ሁለቱን ወገኖች እንደገና ሲለዩ ተክሉ ወደ ኮሊየስ ተመልሶ ኮሊየስ ማኩሎሰስ ንዑስ ዝርያ ኤዱሊስ ተብሏል። ስለ ሰብሉ የሚያነብ ሰው በሦስቱም ስሞች መፈለግ ይኖርበታል፤ አለዚያ ከጽሑፎቹ ገሚሱ ያመልጠዋል።

መገለጫ

ግንዱ እንደ ናና አራት ማዕዘን ያለውና ለስላሳ ነው፤ ሲያድግ ይጋደማል። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ነው። ኮረቱ ረዘም ያለ ሲሆን ቆዳው ስስ ነው፤ እንደ ዝርያው ነጣ ያለ፣ ቀላ ያለ ወይም ወይን ጠጅ መሰል ቀለም ይኖረዋል። ዓይኖቹ በየአንጓው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ፤ ይህም ኮረቱ ያበጠ ሥር ሳይሆን ያበጠ ግንድ መሆኑን ያሳያል።

የመነሻው ጉዳይ

ሰብሉ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ምድር ለማዳ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ከጎበኘ በኋላ አገሪቱን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ አድርጎ አስቀምጧታል። በኋላ አሜሪካዊው ጃክ ሃርላን ማዕከል የሚለውን ሐሳብ ሲመረምር፣ ኢትዮጵያ ለገብስና ለስንዴ የብዝኃነት እንጂ የመነሻ ቦታ ላትሆን እንደምትችል ተከራክሯል። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና የወላይታ ድንችን የመሳሰሉ አገር በቀል ሰብሎች ግን በክርክሩ ከአገሪቱ እጅ አልወጡም።

ጥያቄው የሚከብደው የትኛው የኢትዮጵያ ክፍል ነው ሲባል ነው። ለደቡቡ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ዋናው የእንሰት ባህሉ ነው። በወላይታና በጋሞ ሥራሥር ሰብል ከቤት አጠገብ በፍግ የሚለማበት ሥርዓት ከጥንት የተደላደለ ነው፤ ሰብሉም በዚያ ሥርዓት ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ለሰሜኑ የሚከራከሩት የአገው ሕዝብ በጥንታዊ ግብርና የነበረውን ድርሻ ያነሳሉ። የምዕራብ ኦሮሚያ አምባዎችም ብዙ ዝርያ ይዘው ይገኛሉ። ሰብሉ በየሕዝቡ ስም መጠራቱ ብቻውን የሚያስረዳው ማን ሲያለማው እንደኖረ ነው፤ ማን እንደጀመረው ለመወሰን አይበቃም።

የዘረመል ጥናት ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወስዶታል። ፈቃዱ ጋዲሳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተለያዩ አካባቢዎች በተሰበሰቡ ናሙናዎች መካከል የታየው ልዩነት አብዛኛው በአንድ አካባቢ ናሙናዎች ውስጥ እንጂ በአካባቢና በአካባቢ መካከል እንዳልሆነ አሳይተዋል። ይህ ውጤት ዘሩ በገበያ፣ በጋብቻና በስደት ከአገር አገር ሲዘዋወር ኖሯል ከሚለው ግምት ጋር ይስማማል። የአንድን ወረዳ ማሳ በደንብ መጠበቅ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ብዝኃነት ማዳን እንደሚችልም ያመለክታል፤ ለጥበቃ ሥራ ከመነሻው ክርክር ይልቅ የሚጠቅመው ይህኛው ነው።

ከአሜሪካው ድንች ጋር ያለው ታሪክም ተያይዞ ይነሳል። ይህን ድንች ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። በሰፊው የተዛመተው ግን ክፉ ቀን ከተባለው ረሃብ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እንደሆነ ይነገራል። በሦስት በአራት ወር የሚደርሰው እንግዳ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ከሚፈልገው ነባር ጋር በአንድ መሬት ሲወዳደር፣ መሬቱ ባነሰ ቁጥር ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

አራባብና አለማም

ስለ ሰብሉ አራባብ በስፋት የተጻፈው የሙሉጌታ ታዬ ሥራ ነው። እሱና የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በጋሞ ደጋ ባለችው ጨንቻና በወላይታ ገበሬዎችን ጠይቀው ያሰባሰቡት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል፤ የዶክትሬት ድርሳኑ በ2008 ተከትሏል። ሎፉዋና ቻንኩዋ በተባሉ የአካባቢ ዝርያዎች በሐዋሳና በወንዶ ገነት ሙከራዎችንም አካሂዷል። የጥናቱ ትልቅ ዋጋ ገበሬው ለምን እንዲህ ያደርጋል ብሎ መነሳቱ ነው፤ የገበሬውን ልማድ እንደ ኋላቀርነት ሳይሆን ሊፈተን እንደሚገባ ዕውቀት አየው።

ሰብሉ የሚራባው በኮረቱ ነው፤ ገበሬ ዘሩን ከአበባ አይለቅምም። ለዘር የተቀመጠው ኮረት ማጎንቆል ሲጀምር በእጅ ይሰበራል፤ በተለምዶ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ይወጣዋል። ሳይሰበር ቢተከል ጫፍ ላይ ያለው ዓይን ቀድሞ ይወጣና ሌሎቹን ያስተኛቸዋል። ሲሰበር ግን እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ጉንቁል ያወጣል፤ ከአንድ ጉድጓድ የሚነሳው ግንድም ይበዛል። ቁራጮቹ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሆነው ይተከላሉ። ተከላው የሚጠብቀው የበልግን ዝናብ ነው።

ቦታው ብዙውን ጊዜ ዳርኩዋ ነው። የወላይታ ገበሬ መሬቱን ለሁለት ይከፍላል፦ ከቤቱ አጠገብ በፍግና በጥራጊ የወፈረው ዳርኩዋ ይባላል፤ ራቅ ያለውና ሳሳ ያለው ሾቃ ነው። እንሰት፣ ቡና፣ ጎመንና የወላይታ ድንች ዳርኩዋውን ይሻማሉ። ፍጉ ከሌለ ኮረቱ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ከብት የሌለው ወይም ከብቱን የሸጠ ቤት ሰብሉንም አብሮ ይተዋል። ከብት መቀነሱና የሰብሉ መቀነስ በወላይታ አብረው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ተክሉ ጥቂት እንዳደገ የመጀመሪያው ቅንጠሳ ይመጣል። የግንዱ ጫፍ ከጥቂት ቅጠሎች ጋር በጥፍር ተቆርጦ ይጣላል። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ ከየአንጓው ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ ይነሳል፤ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው ተክል ወደ ጎን ይሰፋል፤ መሬቱንም ቶሎ ይሸፍናል። ከዚያ አፈር ማስታቀፍ ይከተላል። ሁለቱ ሥራዎች ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም። ኮረት የሚያፈሩት ቀጫጭን ሐረጎች ከአፈር በታች ካለው ዋና ግንድ ብቻ ሳይሆን ከታችኞቹ ቅርንጫፎችም ይነሳሉ። ቅንጠሳው ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ማስታቀፉ ቅርንጫፉን አፈር ያለብሰዋል፤ አፈር የለበሰው አንጓ ሐረግ ያወጣል። ቅንጠሳውን ተምሮ ማስታቀፉን የተወ አልሚ ብዙ ቅጠል አይቶ ጥቂት ኮረት ይለቅማል።

ሐረጉ ጫፉ ላይ ያብጣል፤ አንዳንዴም መሐሉ ላይ። እብጠቱ የሚጀምረው ዘግይቶ ስለሆነ በክረምቱ ማብቂያ ተክሉ ለምለም ሆኖ ሳለ ቢቆፈር የሚገኘው ክር መሰል ነገር ነው። ችግር ያስጨነቀው ቤት ግን ይቆፍራል፤ የዘሩ መመናመንም በአንድ በኩል የሚጀምረው እዚህ ነው። በደህና ዓመት ቁፋሮው ከመስከረም በኋላ ይጀመርና በአንድ ቀን አያልቅም። ለራት የሚበቃው ብቻ ይወጣል፤ ቀሪው አፈር ውስጥ ይቆያል። ይህ አቀማመጥ ለምግብም ለዘርም ያገለግላል። ስስ ቆዳው ከአፈር ሲወጣ ቶሎ ስለሚጠወልግ ከጎተራ ይልቅ መሬቱ ይሻለዋል። ተቆፍሮ የሚቀመጥ ዘር ካለ ጥላ ሥር፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ተሸፍኖ ይቆያል።

የላቦራቶሪ ማራባትም ተሞክሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ ትንሽ ከሆነው የቡቃያ ጫፍ ተነስተው በመስታወት ዕቃ ውስጥ ተክል ማሳደግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ዘዴው በቫይረስ የተያዘን ዝርያ ለማጽዳትና ጥቂት ኮረት ብቻ የተረፈውን ዝርያ በፍጥነት ለማብዛት ይረዳል።

ምግብነት

ኮረቱ ታጥቦ ከነቆዳው ይቀቀላል፤ ሲበስል ቆዳው በእጅ ተፈትጎ ይለቃል። በወላይታ ዳጣ ከተባለው የበርበሬ ማባያ ጋር ይቀርባል። በአንዳንድ አካባቢ ቅጠሉም እንደ ጎመን ይበላል።

ተባይ

ፍልፈልና ጃርት እንደሌሎቹ የሥራሥር ሰብሎች ሁሉ ያጠቁታል።

መመናመንና ጥበቃ

የወላይታ ዞን ከኢትዮጵያ እጅግ ጥቅጥቅ ብለው ከሰፈሩ የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የአብዛኛው ገበሬ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ስምንት ወር የሚቆይ ሰብል ከበቆሎ፣ ከስኳር ድንችና ከአሜሪካው ድንች ጋር መፎካከር አለበት። የልማት ድጋፉም ለእነዚህ አድልቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 በሶዶ የተቋቋመው የወላይታ ግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጠራሩ ዋዱ፣ ማዳበሪያና የተሻሻለ የበቆሎ ዘር ለገበሬው ሲያዳርስ አገር በቀሎቹ ሥራሥሮች ከዝርዝሩ ውጭ ነበሩ። የኤክስቴንሽኑ ትኩረት ከዚያ ወዲህም በአብዛኛው እንዲሁ ቀጥሏል።

የሰብሉን ዕጣ የሚወስነው ግን ዘሩና ምግቡ አንድ መሆኑ ነው። ጤፍ ወይም ገብስ ያጣ ቤት ከጎረቤት አንድ ጣሳ ተበድሮ ይዘራል፤ በአዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም እህሉን አድርቆ በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመት ማቆየት ይችላል። እርጥብ ኮረት ግን ደርቆ አይቀመጥም፤ ቢደርቅ ይሞታል። በተራበ ዓመት የመጨረሻው ኮረት ሲቀቀል ዝርያውም አብሮ ያልቃል። ለእንዲህ ያሉ ሰብሎች ያለው ዋና መጠበቂያ የመስክ ጂን ባንክ ነው፤ በየዓመቱ ይተከላል፣ ይቆፈራል፣ እንደገና ይተከላል። አንድ ዓመት ሠራተኛ፣ በጀት ወይም ዝናብ ቢጎድል የብዙ ዓመት ስብስብ ይጠፋል።

በዞኑ ለዚህ ሥራ ቅርብ የሆነው በቦሎሶ ሶሬ የሚገኘው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የእንሰት ዝርያዎችን በመስክ በመጠበቁ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ግብርና ያስተምራል። ከተቋማቱ ውጭ ያለው ጥበቃ በዳሞታ ተራራ ግርጌና በሌሎች ደጋማ ቀበሌዎች በሚገኙ ጓሮዎች ውስጥ ነው። በእነዚህ ጓሮዎች ሁለት ሦስት ዝርያ ተቀላቅሎ ይተከላል፤ ዘር ያጣ ጎረቤትም በቁፋሮ ጊዜ መጥቶ ይወስዳል። በጀት የማይጠይቀው የዘር ማቆያ ይህ ልውውጥ ሲሆን የሚሠራው በአንድ ቀበሌ ቢያንስ ጥቂት ቤቶች መትከል እስካላቆሙ ድረስ ነው።