ቀንዳሙ ጥንቸልና የቆቦ ልጃገረዶች

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አዳኞች ቀንድ ያበቀለ ጥንቸል አየን ይሉ ነበር። ሪቻርድ ሾፕ የተባለ ሐኪም ግን ወሬውን ተረት ነው ብሎ አልተወውም። ቀንድ መሳዩን እባጭ ፈጭቶ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው፤ ከዚያም ፈሳሹን ጫር ጫር በተደረገ የጤነኛ ጥንቸል ቆዳ ላይ ቀባው። እባጩ በቀለ! እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከታሪኩ ሁሉ ይህች ማጣሪያ ትማርከኛለች። ያለፈው ነገር ከባክቴሪያ ያነሰ መሆን ነበረበት፤ ማለትም ቫይረስ። ብዙም ሳይቆይ ፔይተን ራውስ ይኸው እባጭ ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል አሳየ።

የሰው ዘመዱ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤች ፒ ቪ ይባላል። ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ ተራ ኪንታሮት ብቻ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ዓይነት 16ን በማህፀን በር ካንሰር ውስጥ አገኘው (ኖቤሉ የመጣው ገና በ2008 ነው)። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ አሜሪካዊቷ ሞራ ጊሊሰንና ባልደረቦቿ ይኸው ዓይነት 16 በቶንሲልና አካባቢው በሚነሳ ካንሰር ውስጥ እንዳለ አሳዩ። ቫይረሱ የተገኘባቸው ሕመምተኞች ደግሞ አጫሽ የመሆን ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ቫይረሱ የሚሠራቸው ሁለት ፕሮቲኖች የሴሉን ፍሬን ይበጥሳሉ፤ ሴሉም ያለ ልክ ይባዛል።

«የወጣቶች ካንሰር» ሲባል ግን አትሳቱ። ቫይረሱ በወጣትነት ይያዛል፣ በአብዛኛው ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል፤ ካንሰሩ የሚመጣው ካልጠፋ፣ ያውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ድድ ላይ የሚወጣው ካንሰር ደግሞ በአብዛኛው የትንባሆና የአልኮል ሥራ ነው።

ታዲያ ይህ ከቆቦ ጋር ምን አገናኘው? ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስትጀምር የ14 ዓመት ልጃገረዶችን መርጣ፣ በአብዛኛው በትምህርት ቤት በኩል ነበር። ያኔ ሁለት ዙር ነበር፤ በመሃሉም ወራት ነበሩ። ሐምሌ 2013 ላይ ጦርነቱ ቆቦ ገባ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 በተዋጊዎች እጅ ቆየች፤ ነሐሴ 2014 ላይ እንደገና ተያዘች። በሰሜን ወሎ ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም ተዘረፈ፣ ወደመ።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እናስላ። በ2013 14 ዓመቷ የነበረች የራያ ቆላ ልጅ፣ መንግሥት በ2017 ወደ አንድ ዙር ተሸጋግሮ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን በዘመቻ ሲከትብ 18 ሞልቷታል። ያኔ ካመለጣት፣ ዘመቻውም አላገኛትም ማለት ነው። ወንድሟማ መጀመሪያውኑ በዝርዝሩ የለም፤ ክትባቱ እኛ ዘንድ የሚታወቀው «የማህፀን በር ካንሰር ክትባት» ተብሎ ነው፣ ጉሮሮ የሚያነሳም የለም።