ከቀለሙ ሥር ያለው ታሪክ

አሮጌ ባለሰንሰለት ትራክተር ማደስ የቀለም ሥራ ብቻ አይደለም፤ የታሪክ ምርመራም ነው። የአሜሪካው ካተርፒላር ኩባንያ ትራክተሮቹን ግራጫ ይቀባ ነበር። በኅዳር 1924 ዓ.ም. ግን በመንገድ ሥራ ላይ ከሩቅ እንዲታዩ ቀለማቸውን ወደ ቢጫ ለወጠ። ስለዚህ አዳሹ ቅባቱን አጥቦ፣ ፀረ ዝገት ከመቀባቱ በፊት፣ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ የተነባበረውን ቀለም በዝግታ ሊፍቀው ይገባል። ከሥር የሚወጣው ቀለም የማሽኑን ዘመን ይጠቁማልና።

ይህ ምስክርነት ለነገሌ ቦረና ታላቅ ትርጉም አለው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስቱ ጄኔራል ግራዚያኒ ከአሜሪካ በተገዙ የጭነት መኪናዎችና ባለሰንሰለት ትራክተሮች እየታገዘ ከዶሎ ተነሣ። በገናሌ ዶርያ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በአውሮፕላን ጭምር ደብድቦ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን ቆላ አቋረጠና በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን፣ ነገሌን ያዘ። በእግሩ የዘመተው ወገን ወኔ አላነሰውም፤ ያነሰው ስንቅና ጥይት የሚያደርስለት ሞተር ነበር።

ያው ማሽን በሰላም ጊዜ መንገድ ይጠርጋል፤ በወራሪ እጅ ሲገባ ደግሞ ወራሪን ያሻግራል። ስለሆነም አዳሹ ትራክተሩን አሳምሮ ይቀባው፤ አንዲቱን ጥግ ግን እንደ ጥንቷ ይተዋት። ትውልድ የሚያነበው እርሷን ነው።