በሁለት መዳፍ፦ ከመስመር ሠራተኛ ሞት የተገኘ ርዳታ

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ ጉደር ከተማ ትገኛለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያች ከተማ በመስመር ጥገና ላይ ሳለን አንድ ባልደረባችንን ኤሌክትሪክ ያዘው። ኃይሉ ተቋርጦ ከምሰሶው ሲወርድ እስትንፋስም ትርታም አልነበረውም። አንዱ ውሃ ረጨበት፤ ሌላው እግሩን አሸው፤ የዩኒቨርስቲ ምሩቅ የሆንሁት እኔም መኪና ፍለጋ ሮጥሁ። አምቦ ስንደርስ ሐኪሙ «ደረቱን እየተጫናችሁለት ነው የመጣችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ባልደረባችንም አልተመለሰም።

ይህ ጥያቄ የርዳታውን ታሪክ እንድመረምር አስገደደኝ። ያስገረመኝም የዘዴው መነሻ የእኛው ሙያ መሆኑ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ በአሜሪካ የመስመር ሠራተኞች ሞት ያሳሰባቸው የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ለምርምር ገንዘብ መደቡ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህር የነበሩት ዊልያም ኩዌንሆቨን ከሐኪሞች ጋር ሆነው ምርምሩን ያዙ። ኤሌክትሪክ በደረት ሲያልፍ የልብ ጡንቻ በኅብረት መኮማተሩን ትቶ በየፊናው ሊርገበገብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደም መርጨቱን ያቆማል። በልክ የተሰጠ ሌላ የኤሌክትሪክ ምት ግን ወደ ሥርዓቱ ሊመልሰው ይችላል። ኩዌንሆቨን ደረት ሳይከፈት ይህን የሚፈጽም መሣሪያ ለመሥራት ብዙ ዓመታት ደከሙ።

ትልቁ ግኝት ግን ሳይታሰብ መጣ። በ1958 ወጣቱ መሐንዲስ ጋይ ኒከርቦከር የመሣሪያውን ከባድ መጫኛዎች በውሻ ደረት ላይ ሲያሳርፍ፣ ኤሌክትሪኩ ገና ሳይለቀቅ የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱን አየ። ሌላ ሰው ቢሆን የመለኪያ ስሕተት ነው ብሎ ባለፈው ነበር፤ እርሱ ግን ክብደቱ ራሱ ደም እንደሚገፋ ተረዳ። ቀዶ ሐኪሙ ጀምስ ጁድ ዘዴውን ወደ ሰው አሸጋገሩት። ሦስቱ በ1960፣ በእኛ 1952 ዓ.ም.፣ ባሳተሙት ጽሑፍ ከ20 ሕመምተኞች 14ቱ መትረፋቸውን ገለጡ። በዚያው ዘመን ጀምስ ኢላምና ፒተር ሳፋር ያጠኑት የአፍ ለአፍ ትንፋሽም ከደረት መጫኑ ጋር ተጣመረ። ዩኒቨርስቲው በ1969 ለኩዌንሆቨን የክብር የሕክምና ዶክተርነት ሰጣቸው፤ ለመሐንዲስ የሚገባ ማዕረግ ነው እላለሁ!

ዘዴው ዛሬም ቀላል ነው። አስቀድሞ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ያልተቋረጠለትን ሰው የነካ ሁለተኛ ተጠቂ ይሆናል። ከዚያም ሰውየው በጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው ይተኛል፤ የደረቱ አጥንት የታችኛው አጋማሽ በሁለት መዳፍ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። ደረቱ በየመሐሉ ፈጽሞ መመለስ አለበት። የሠለጠነ ሰው በየ30ው ጭነት ሁለት ትንፋሽ ይጨምራል፤ ያልሠለጠነ ያለማቋረጥ ይጭናል። ክንድ ስለሚዝል በየሁለት ደቂቃው መቀያየር ይገባል።

የእኛ ቡድን መለማመጃ አሻንጉሊት ስለሌለው ጨርቅ የታጨቀበት ጆንያ ይጠቀማል። ጆንያው እንደ ደረት አይመለስም፤ መቁጠርንና መቀያየርን ግን ያስተምራል። አንዱ ይጭናል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ ሦስተኛው ስልክ መደወልን ይለማመዳል። መኪና ፍለጋ የሚሮጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።