አጥንቱ ከየት መጣ? ከወርቅ አፍንጫ እስከ ዘመናዊ የጥርስ ተከላ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።


ሰሓባው ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ውጊያ አፍንጫቸው ተቆረጠ። በብር አሠርተው ተኩት፤ ብሩ ግን ሸተተባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ወርቅ ለወንድ ጌጥነቱ ሐራም ነው፤ ይህ ግን ሕክምና ነበር። ሐዲሡን አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። ቲርሚዚ እንደሚሉት፣ ከዑለሞች መካከል ጥርሳቸውን በወርቅ ያሠሩ ነበሩ፤ ይህም ሐዲሥ ማስረጃቸው ነው።

በ10ኛው ክፍለ ዘመን የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ 30 ክፍል ያለውን «አት-ተስሪፍ» ጻፉ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። የሚነቃነቅ ጥርስ በወርቅ ክር እንዲታሰር ይመክራሉ፤ ብር ይበላሻል፣ ወርቅ ግን አይለወጥም። ለወለቀ ጥርስ ደግሞ ከበሬ አጥንት ተቀርጾ ምትክ እንደሚሠራ ጽፈዋል። ይህ ክፍል በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ለዘመናት ተምሮበታል።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1952 ስዊድናዊው ብሮኔማርክ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ አስተዋለ፤ በ1965 በሰው መንጋጋ ላይ ተከለው። የላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ግን አስቸገረ። እዚያ ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ ይሳሳል፣ ከላዩ ያለው ሳይነስ የሚባለው የአየር ክፍተትም ወደ ታች ይሰፋል። ብሎኑ የሚይዘው ነገር ያጣል። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ሒልት ታተም የሳይነሱን ስስ ሽፋን ቀስ ብሎ አንሥቶ ከሥሩ አጥንት መሙላት ጀመረ። በ1980 ቦይንና ጄምስ ከታካሚው ዳሌ በተወሰደ አጥንት የሠሩትን አሳተሙ። የተሞላው አጥንት እስኪጠና ብዙውን ጊዜ ወራት ይጠበቃል።

ዛሬ የሚሞላው ከራስ አጥንት ብቻ አይደለም። ከሌላ ሰው የተለገሰ፣ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም በፋብሪካ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ግን አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢማም ነወዊ «አል-መጅሙዕ» ላይ የተሰበረ አጥንት በንጹሕ አጥንት እንዲጠገን፣ ንጹሕ እየተገኘ በነጃሳ መጠገን እንደማይፈቀድ ጽፈዋል። በሸሪዓ ያልታረደ ከብት አጥንት በሻፊዒያ ዘንድ ነጃሳ ነው፤ በሐነፊያ ዘንድ ከአሳማ በስተቀር ንጹሕ ነው። ሁለቱም መዝሀቦች በሀገራችን አሉ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ «ዲን ይከለክላል» ብላችሁ ሕክምናውን አትሽሹ፤ ሳትጠይቁም ወንበሩ ላይ አትቀመጡ። ሐኪሙን «አጥንቱ ከምንድነው? ሌላ አማራጭ አለ?» በሉት። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። መልሱን ይዛችሁ የምታምኑትን ዓሊም አማክሩ። ዐርፈጃም መፍትሔ ያገኙት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ነው።

ወላሁ አዕለም። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጣቸው፤ አሚን።