የይዋስፍ ታሪክና መድረክ
የቡድሃ ሕይወት በግዕዝ መጽሐፍና በጣና ዳር የትርኢት ልማድ

የሕንዱ መምህር የቡድሃ ሕይወት ከጥንት ጀምሮ በድንጋይ ተቀርጿል፤ በግጥም ተደርሷል፤ በመድረክም ታይቷል። ይኸው ታሪክ ስሙንና ሃይማኖቱን ለውጦ ወደ ኢትዮጵያ እንደ ደረሰና ከ1553 ጀምሮ በግዕዝ እንደሚነበብ ግን ከጥቂት ሊቃውንት በቀር የሚያስታውሰው ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ የቡድሃን ሕይወት በቴያትር ስለ ማቅረብ የሚነሣው ጥያቄ ለእኛ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉ ወደ እኛ የመጣበትን መንገድ፣ በሌሎች አገሮች መድረክ ላይ ያገኘውን ዕድል፣ በጣና ዳርም ቢቀርብ ሊይዘው የሚችለውን መልክ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ታሪኩና መንገዱ

የቡድሃ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሲድሃርታ የሻክያ ነገድ ገዥ የነበረው የሱድሆዳና ልጅ ነው። በተወለደ ጊዜ ጠቢባን ሕፃኑ ወይ ዓለምን የሚገዛ ንጉሥ፣ ወይ ዓለምን የሚንቅ መናኝ እንደሚሆን ተነበዩ። አባቱ ምናኔውን ፈርቶ ኀዘንና ሕመም በማይታይበት ቤተ መንግሥት ዘግቶ አሳደገው። ልጁ ግን በሠረገላ በወጣ ጊዜ ሽማግሌ፣ ድውይ፣ አስከሬን፣ በመጨረሻም መናኝ አየ። ከዚህም በኋላ አንድ ሌሊት ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ፣ ካንታካ በሚባል ፈረሱ ተቀምጦ ከከተማው ወጣ።

በክርስቲያኑ መጽሐፍ የምናገኘው ልዑል ይዋስፍ ነው። አባቱ ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ የሕንድ ንጉሥ ነው፤ ልጁ ክርስቲያን ይሆናል የሚል ትንቢት ስለ ሰማ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል። ልዑሉም ድውያንንና ሽማግሌን አይቶ ስለ ሞት ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ በረላም የሚባል መነኩሴ የከበረ ዕንቍ የሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ይገባና በምሳሌ ያስተምረዋል። ልዑሉ የአባቱን ቍጣ፣ የሐሰተኞችን ክርክር፣ የሴቶችንም ፈተና አልፎ ይጸናል፤ በመጨረሻም ዘውዱን ትቶ መምህሩን ፍለጋ ወደ በረሓ ይሄዳል።

የሁለቱ ታሪክ አንድ መሆን በስሙ ጕዞ ይታወቃል። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የሕንድ ቃል በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ። በዐረብኛ ጽሕፈት ባና ያ በነጥብ ብቻ ስለሚለያዩ ቡዳሳፍ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ። በጆርጂያ ቋንቋ «ዮዳሳፍ»፣ በጽርእ «ዮአሳፍ» ተባለ፤ ከዚያም ክርስቲያን ዐረቦች ከጽርእ ተረጐሙት፤ ከእነርሱም ግዕዝ ተቀብሎ ይዋስፍ አለው። ለዚህ ሁሉ ለውጥ መነሻው አንዲት ነጥብ ናት። በአውሮጳ ይህን ነገር በጥናት ያስረዱት ላቡሌ በ1859፣ ሊብሬኽትም በ1860 ናቸው፤ ይሁን እንጂ ፖርቱጋላዊው ዲዮጎ ዶ ኮቶ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የሁለቱን መመሳሰል አስቀድሞ አስተውሎ ነበር።

፪. የእንባቆም ሥራ

መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም ናቸው። እንባቆም የመናዊ ተወላጅ ነበሩ፤ ከእስልምና ወደ ክርስትና ተመልሰው፣ መንኵሰው፣ ከታላቁ ገዳም አለቅነት ደረሱ። ለኢማም አሕመድ የጻፉት «አንቀጸ አሚን» የሚባለው መጽሐፍ የክርክር መጽሐፍ ነው። «በረላም ወይዋስፍ»ን የተረጐሙት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559)፣ ከታላቁ ጦርነት ፍጻሜ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ገዳማት በተቃጠሉበትና መጻሕፍት በጠፉበት አገር ይህን ታሪክ መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። መጽሐፉ ስለ ስደት፣ ስለ ሃይማኖት መለወጥና ስለ መንግሥት ከንቱነት ይናገራል፤ ይህን ሁሉ ተርጓሚው በገዛ ሕይወታቸው ያውቁት ነበር። የግዕዙን ንባብ ከእንግሊዝኛ ትርጕም ጋራ በ1923 ያሳተመው ዋሊስ በጅ ነው።

፫. በሌሎች አገሮች መድረክ

የቡድሃን ታሪክ በመድረክ ለማሳየት ችግሩ የድርጊት ማነስ አይደለም። ትንቢቱ፣ የተዘጋው ቤተ መንግሥት፣ በመንገድ የታዩት አራቱ ነገሮች፣ የሌሊቱ ስንብት፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። ችግሩ በመካከል የሚቆመው ሰው ነው። ተዋናይ የሚራብ፣ የሚሳሳት፣ ነገ ደግሞ የሌላ ሰው ልብስ የሚለብስ ፍጡር ሲሆን እንዴት አድርጎ የቅዱሱን አካል ይወክላል?

የጥንት ሕንድ ቀራጮች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ድንቅ ነው። በሳንቺ በምሥራቁ በር ላይ የሌሊቱ ጕዞ ተቀርጿል፤ ፈረሱ አለ፤ የክብር ጥላውም ከኮርቻው በላይ ተዘርግቷል፤ በኮርቻው ላይ ግን ማንም የለም። በሌላም ስፍራ ቡድሃ በዛፍ፣ በባዶ ዙፋንና በእግር አሻራ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ባለቅኔው አሽቫጎሻ ባደረሰው ቴያትር፣ ታሪኩን የሚመሩት ደቀ መዛሙርቱ ሻሪፑትራና ሞድጋልያያና ናቸው። የዚህ ድርሰት ቍራጭ በመካከለኛው እስያ በዘንባባ ቅጠል ላይ ተጽፎ ተገኝቶ ሉደርስ በ1911 አሳትሞታል፤ ከሳንስክሪት ቴያትር ቅሬታዎች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በበርማም የመድረክ ሰዎች አዘውትረው የሚያሳዩት የቀደሙትን ልደታቱን ታሪክ ነው። ቡድሃን ራሱን በመድረክ መካከል በግልጥ ማቆም በኋላ ዘመን የተስፋፋ ነገር ነው፤ በ1885 በካልካታ የጊሪሽ ቻንድራ ጎሽ ቴያትር፣ በ1925 ደግሞ የሂማንሱ ራይ ሲኒማ እንዲሁ አደረጉ፤ ሁለቱም የተነሡት ከእንግሊዛዊው ኤድዊን አርኖልድ ግጥም ነው።

በአውሮጳ ታሪኩ በክርስቲያናዊ መልኩ መድረክ ላይ ወጣ። በፈረንሳይ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ከእመቤታችን ተአምራት ትርኢቶች ጋራ ቀረበ፤ በፍሎሬንስ በርናርዶ ፑልቺ፣ በስጳኝ ደግሞ በ1611 ሎፔ ዴ ቬጋ ደረሱት። የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቶችም ለተማሪዎቻቸው ትርኢት አደረጉት። የዚሁ ማኅበር ሰው ፔድሮ ፓኤዝ በ1604 በዐፄ ዘድንግል ፊት ሕፃናትን የሃይማኖት ትምህርት በጥያቄና መልስ እንዲናገሩ አድርጎ ነበር፤ በኋላም በጣና ሰሜናዊ ዳር በጎርጎራ ሠራ። ይሁን እንጂ ዐፄ ፋሲለደስ ከ1632 በኋላ ማኅበሩን ስላስወጡ ያ የትርኢት ትምህርት በአገራችን ሥር አልሰደደም።

፬. የጣና ዳር ልማድ

ታዲያ ይዋስፍ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ባሕር ዳርን ከዓባይ ማዶ በሚለይበት አገር ለመድረክ ቢዘጋጅ እንግዳ ይሆናልን? ታሪኩ እንግዳ አይሆንም። ዐፄ ካሌብ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው እንደ መነኑ፣ ገብረ ክርስቶስም በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ እንደ ወጣ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። ከዚህም ሌላ ጣና የራሱ መራራ ታሪክ አለው። ታላቁ ኢያሱ በ1706 ከዓለም ገለል ብለው በሐይቁ ደሴት ሳሉ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሡ፤ አባትየውም በዚያው በደሴት ተገደሉና በምጽራሐ ተቀበሩ። ዙፋንን መተው በመጽሐፍ ሲነበብ ጣፋጭ፣ በምድር ላይ ግን የደም ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን የጣና ሰው ያውቃል።

ቅዱሱን የማሳየት ጥበብም እንግዳ አይደለም። በዘጌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የቅዱሳን ታሪክ ተሥሎበታል፤ ቅዱሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የተመልካቹ ዓይንና የሚያስረዳው መነኩሴ ቃል ነው። በሆሣዕና ዕለት ካህኑ ከደጅ ሆኖ ሲጠይቅ ከውስጥ ያለው ይመልሳል፤ በዚያ ምልልስ የሚገባው ንጉሥ ለዓይን አይታይም፤ በሩ ግን ይከፈታል። ይህ ከሳንቺው ባለ ባዶ ኮርቻ ፈረስ ጋራ እጅግ የሚቀራረብ አስተሳሰብ ነው።

ዘመናዊው ቴያትራችን ሲጀመር ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ» በሰው ፈንታ አራዊትን አናገሩ። ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የወጡት ዮፍታሔ ንጉሤ ደግሞ የቅኔ ቤቱን ትምህርት ወደ መድረክ አመጡ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ሲከፈት የቀረበው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበረ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ንጉሥን አውጥቶ ማሳየት ተቻለ፤ ነገር ግን ዳዊት በዚያ ታሪክ የቆመው በኀጢአቱ ነው። በኀጢአት የቆመን ንጉሥ ተዋናይ ሊሸከመው ይችላል፤ በጽድቁ የቆመው ይዋስፍ ይከብዳል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ እንደሚከተለው ነው። «በረላም ወይዋስፍ» መድኀኒቱን በራሱ ውስጥ ይዟል። በመጽሐፉ ልዑሉ ከሚሠራው ይልቅ የሚሰማው ይበዛል፤ የሚሰማውም ምሳሌ ነው። ከአንድ ቀንድ አውሬ ሸሽቶ በጕድጓድ የገባ ሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዛል፤ ነጭና ጥቍር አይጦች ሥሩን ይገዘግዛሉ፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ የምትንጠባጠበውን ማር እየላሰ ሁሉን ይረሳል። ደግሞ የአንዲት ከተማ ሰዎች እንግዳን ሰው ለአንድ ዓመት ያነግሡና ራቍቱን ወደ ደሴት ያግዙታል፤ ብልኁ ንጉሥ ግን ሀብቱን አስቀድሞ ወደ ደሴቱ ይልካል። የማር አገር ለሆነው ለጎጃም፣ የደሴት ገዳማት ለሚያዩት ለጣና ዳር ሰዎች ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። በእነዚህ ምሳሌዎች ውስጥ ቅዱስ የለም፤ ስለዚህ ተዋናይ ያለ ፍርሃት ይጫወታቸው። በረላምና ይዋስፍ በዳር ተቀምጠው ይስሙ። አንዱ ንባቡን በግዕዝ ያሰማ፤ ሌላው እንደ ትርጓሜ ቤት ሥርዐት «አንድም» እያለ በአማርኛ ይፍታ። በዚህ ዐይነት ምሳሌው ይታያል፤ ቅዱሱ ይከበራል።

የሚቀረው ጥያቄ የስሙ ነው። ተመልካች ይዋስፍ ቡድሃ እንደ ነበረ ይነገረውን? ሰሙ ይዋስፍ፣ ወርቁ ቡድሃ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ሰምና ወርቅ የአንድ ባለቅኔ አሳብ ነው፤ ይህ መጽሐፍ ግን በብዙ እጅ ያለፈ ነው፤ ያለፈበትም እጅ ሁሉ በእምነት ተቀብሎታል። አመጣጡን ሸሽጎ ማቅረብ ዕውቀትን መንፈግ ነው፤ ይዋስፍን ገፍቶ ቡድሃን ብቻ ማውጣትም እንባቆም ለአራት መቶ ዓመታት አንባቢዎች የተዉትን መጽሐፍ መቀማት ነው። ስለዚህ መድረኩ ሲከፈት ስሞቹ ሁሉ በየቋንቋቸው በቅደም ተከተል ይነበቡ፤ ቦዲሳትቫ፣ ቡዳሳፍ፣ ዮዳሳፍ፣ ዮአሳፍ፣ ይዋስፍ። ከዚያ በኋላ በረላም ዕንቍውን ይዞ ይግባ።