የውጫሌ አንቀጽና የደላንታ ድንጋይ

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልዲያ የሚጓዝ ሰው አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ያልፋል። የከተማዋን ስም ዓለም ያወቀው በአንድ ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል 17ኛ አንቀጹ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ይል ነበር። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መነጋገር ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። መጨረሻው ዐድዋ ሆነ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ነጻነት ነው። ነገር ግን ሌላም ትምህርት አለው። "በማን ስም ማን ይፈርማል?" የሚለው ጥያቄ ገና ከጅምሩ ካልጠራ፣ ኋላ ዋጋው ከባድ ነው። ዛሬ ዓለም ከነዳጅ ወደ ንጹህ ኃይል ሲዞር ይኸው ጥያቄ ከመሬት በታች ስላለው ሀብት ተነስቷል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ደግሞ ሊቲየም ይፈልጋል፤ ሊቲየም ከድንጋይ ይወጣል፤ ድንጋዩ ያለው የአንድ ቀበሌ መሬት ላይ ነው።

ድሮ አምባሰልን ይገዙ የነበሩት ጃንጥራሮች ነበሩ። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከእነሱ አንዱ ናቸው። የአካባቢ ገዥ ዐይኑ ከማሳው ላይ ነበር፤ ከማሳው በታች ስላለው የሚጠይቅ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከርሰ ምድሩን የመንግሥት አደረገው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው አለ። በሁለቱም ዘመን ግን ፈራሚው አዲስ አበባ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ቀየረው። በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። ሕጉን ፌዴራሉ ያወጣል፤ በአንቀጽ 52 መሠረት ክልሉ በዚያ ሕግ ያስተዳድራል። በአንቀጽ 98 ከከፍተኛ ማዕድን ሥራ የሚገኘው ግብርና ሮያሊቲ የጋራ ነው። በ2002 ዓ.ም የወጣው የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ የባህላዊ ቁፋሮንና የአገር ውስጥ ባለሀብትን አነስተኛ ሥራ ፈቃድ ለክልሎች ሲሰጥ፣ ትልልቁንና የውጭውን ለፌዴራል ሚኒስቴር አስቀረ።

በወረቀት ላይ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። በተግባርስ? በ2010 ዓ.ም የለገደንቢ ወርቅ ፈቃድ ሲታደስ የጉጂ ሕዝብ ጤናችን ተጎዳ ብሎ ተነሳ፤ ሚኒስቴሩም ፈቃዱን አገደ። ፈቃዱ የተፈረመው አዲስ አበባ ነው፤ ቁጣው የተነሳው ግን ጉጂ ላይ ነው። ቀንጢቻ ላይ ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። ከ1982 ዓ.ም ጀምሮ መንግሥት ታንታለም ያወጣበት የነበረው ስፍራ ሊቲየምም እንዳለው ሲታወቅ፣ የኦሮሚያ ክልል የማዕድን ኩባንያ ከውጭ ኩባንያ ጋር 49 በመቶ ድርሻ ይዞ ገባ። ክልል ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪ ብቻ ሳይሆን ባለድርሻም ሆነ። አትራፊው ራሱ ተቆጣጣሪ ሲሆን የቆፋሪውንና የአካባቢውን ነዋሪ ነገር ማን ያያል?

ወደ ወሎ እንመለስ። በ2000 ዓ.ም ከአምባሰል በስተምዕራብ፣ ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ተገኘ። ድንጋዩ ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ በወጣ አመድ ንብርብር ውስጥ፣ ገደል ላይ ነው። ወጣቱ በዶማና በመዶሻ ገደሉን እየሰረሰረ ይገባል። ከላይ የተጫነው ድንጋይ ሲናድ ሰው ይቀበራል። በ2016 ዓ.ም ዋሻ ተንዶ ቆፋሪዎች ውስጥ ሲቀሩ ወሬው አገር አዳረሰ። ከአደጋ ተርፎ የወጣው ድንጋይ ደግሞ ብዙው ሳይቆረጥና ሳይሞረድ ሕንድ ደርሶ እዚያ ዋጋ ያወጣል። "የወሎ ኦፓል" የሚለው ስም በዓለም ገበያ ይታወቃል፤ ከስሙ የሚገኘው ትርፍ ግን ወሎ አልቀረም።

ኦፓል ባትሪ አይሠራም። ቢሆንም ክልሉ የሚፈተነው በእሱ ነው። ለባህላዊ ቆፋሪ ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው፤ ማኅበር የሚያደራጀውም እሱ ነው። እዚህ "አዲስ አበባ ከለከለን" የሚባል ሰበብ አይሠራም። እርግጥ የከርሰ ምድር ጥናቱና ላቦራቶሪው በአብዛኛው በፌዴራሉ እጅ ነው። ክልሉም ያለፉትን ዓመታት በጦርነት አሳልፏል። ግን ዋሻን በእንጨት ለመደገፍ፣ ዝናብ ሲበረታ ቁፋሮ ለማስቆም፣ የድንጋይ መቁረጫ ማሽን ወገል ጤና ላይ ለመትከልና የተሰበሰበውን ሮያሊቲ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ሳተላይት አያስፈልግም።

ነገ በአማራ ክልል ለባትሪ የሚሆን ማዕድን ቢገኝ፣ የሚመጣው ዶማ የያዘ ወጣት ሳይሆን ጠበቃ ያስከተለ ኩባንያ ነው። የደላንታውን ዋሻ መደገፍ ያልቻለ ቢሮ ያንን ውል እንዴት አንብቦ ይፈርማል? ምኒልክ የውጫሌውን ስህተት ሲያውቁ ውሉን ማፍረስ የሚችል ጉልበት ነበራቸው። ለአንድ ወረዳ ሕዝብ ግን ዐድዋ የለውም፤ የሚጠብቀው የክልሉ ፊርማ ብቻ ነው።