ስሙ ከግብሩ የቀደመ ዕቃ፦ የጠመንጃ ድምፅ መቀነሻ አጭር ታሪክ



የቴክኖሎጂን ታሪክ ሳስተምር ደጋግሜ የምመለስበት ጥያቄ አለ፤ ሕግ የሚዳኘው ዕቃውን ነው ወይስ ስሙን?

ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1884 መትረየስን ፈለሰፈ፤ የተኩሱ ጩኸትም ጆሮውን አደነቆረው። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም በ1909 በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበትን ዕቃ «ሳይለንሰር» ብሎ ሸጠው። ዕቃው ግን ዝም አያሰኝም፤ የባሩዱን ጋዝ አዘግይቶ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ።

በተለይ መምቻው የቀለሁን ጠርዝ ለሚመታው ባለ 22 ካሊበር ጥይት ይስማማል፤ ጥይቱ ከድምፅ ፍጥነት በታች ሲጓዝ የሚቀረው ጩኸት ጥቂት ነውና። ይሁንና የዚሁ ጥይት እርሳስና ጥላሸት ውስጡን ስለሚደፍነው፣ ተፈትቶ የሚጸዳው ዓይነት ይመረጣል።

በ1934 የአሜሪካ ኮንግረስ ዕቃውን ከመትረየስ ጋር በአንድ ሕግ አስገብቶ 200 ዶላር ቀረጥ ጣለበት። በፊንላንድ በአንጻሩ አዳኞች ጆሯቸውን ለመጠበቅ በሰፊው ይገለገሉበታል። ዕቃው አንድ ነው፤ የተሰጠው ትርጉም ግን ሁለት።

እኔ እንደማነበው፣ ሻጩ ለገበያ ያወጣው ስም ለፍርሃትም መንገድ ጠርጓል። ስለዚህ የሕግ ሰነድ ስታገላብጡ፣ ዕቃው ምን ይባል እንደነበር ብቻ ሳይሆን ምን ይሠራ እንደነበርም መርምሩ።